ምስጋና የማይወድ አበባ

ሚያዝያ ተጋምሶ ነበር። በቶሩን ከተማ ዳርቻ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን በሽቦ አጥር የተከፋፈሉት የአትክልት ቦታዎች ሁሉ አረንጓዴ ለብሰዋል። የሌኦካዲያ ቦታ ብቻ መሀል ለመሀሉ ጥቁር ነው። እሷም በሰባ አንድ ዓመት ጉልበቷ እዚያ ጥቁር አፈር ላይ ተንበርክካ በጣቷ ትጭራለች። እንዲህ ስትጭር ሦስተኛ ቀኗ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለጋ ቡቃያ እንዳትሰብር ብላ አፈሩን እንደ ሕፃን ራስ ነበር የዳበሰችው። ዛሬ ግን ትዕግሥቷ አልቆ እጇን እስከ አንጓዋ ሰደደችው። ልፍስፍስ ያለ ጥቁር ሥር ይዛ አወጣች። ጨመቅ ስታደርገው የሸተተ ውሃ አንጠባጠበ።

«ገደልኩት» አለች። አጠገቧ ማንም አልነበረም። «ቴዎፊል፣ ገደልኩብህ።»

ቴዎፊል ባሏ ነው። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ኖረው ባለፈው ጥቅምት ሞተ። ሥራው የባቡር ጣቢያ ሰዓቶችን መጠገን ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን የሚጨነቅለት ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ረጅሙ የድመት ናና።

የድመት ናናንማ በዚያ ሰፈር የማይተክለው የለም። ግን የሌላው ሰው ናና ከጉልበት አያልፍም፤ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲመታው ደግሞ እንደ ሰካራም መንገድ ላይ ይጋደማል። የቴዎፊል ግን የሌኦካዲያን ወገብ አልፎ ደረቷ ጋ ይደርስ ነበር። ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ሰማያዊ አበባው ሲፈነዳ የንቡ ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። እናቱ ሞተው የገጠሩ ቤት ሲሸጥ፣ ሌሎቹ ልጆች ሳህንና ምንጣፍ ሲከፋፈሉ፣ እሱ ከጓሮ አንድ ጉማጅ ሥር ነቅሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በባቡር አመጣው። የእናቱ ጓሮ ዛሬ ቤንዚን ማደያ ሆኗል።

አያያዙንም ያውቅበት ነበር። ግንቦት ላይ ቡቃያው ስንዝር ሲሞላ ዙሪያውን በቀጫጭን እንጨት ያጥረዋል፤ አንድም ግንዱን እንዲደግፍ፣ አንድም የናናው ሽታ የሚያሰክረው ኮሎኔል የተባለው የጎረቤት ድመት እንዳይንከባለልበት። ሰኔ ሲያልቅ፣ አበባው ጠውለግ ማለት ሲጀምር፣ መቀስ ይዞ ከመሬት አንድ ጭብጥ አስቀርቶ ይቆርጠዋል። ሌኦካዲያ ይህን መጀመሪያ ያየች ጊዜ ጮኸች።

«አበድክ? በቁሙ ያለውን አበባ?»

«ለፍልሰታ ነው፣ ሎጃ» አላት። ሲያቆላምጣት ሎጃ ነበር የሚላት። «አሁን ከቆረጥኩት ለፍልሰታ እንደገና ያብባል። ለእቅፍሽ ነው።»

እውነትም አበበ። ነሐሴ ላይ የፍልሰታ ዕለት ሴቱ ሁሉ ከየጓሮው አበባና ቅጠላ ቅጠል አስሮ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ካህኑ ጠበል ይረጩበታል፤ ከዚያም እቅፉ እስከ ዓመቱ ኩሽና በር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። የሌኦካዲያ እቅፍ መሀሉ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች እያዩ በቅናት ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። እሷም እንደሚነክሱ ታውቃለች፤ አትዋሽም፣ ደስ ይላት ነበር። ቴዎፊል ሆስፒታል ተኝቶ ድምፁ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ያነሳው ይህንኑ ነው። «እኔ ባልኖርም መሀሉን ሰማያዊ አድርጊው» አላት። «አደርጋለሁ» አለችው።

ነገሩን ያበላሸችው በስንፍና አይደለም፤ በትጋት ነው። ኅዳር ላይ፣ የሙታን ቀን፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ መቃብሩን አጠበች፣ የጥድ ቅርንጫፍ አለበሰች፣ ሻማ አበራች። የተረፋትን ቅርንጫፍ በከረጢት ይዛ በትራም ወደ አትክልቱ መጣች። ናናው ደርቆ፣ ቡናማ ግንዱ ተንጨፍርሮ ቆሟል። ቴዎፊል ብርዱ እስኪያልፍ አይነካውም ነበር፤ ደረቁን ግንድ እስከ መጋቢት እንደ ብርድ ልብስ ይተውለታል። ፍግም አያቀምሰውም። «ይሄ የድሃ አፈር ልጅ ነው፤ ስታቀማጥይው ይሞታል» ይል ነበር። ሌኦካዲያ ይህን መቶ ጊዜ ሰምታለች። በዚያ ቀን ግን የታያት የተተወ መቃብር ነው። የቴዎፊል ነገር እንዲህ ተዝረክርኮ ሰው ይየው? ከሥሩ ጨርሳ አጨደችው፤ ሦስት ባልዲ ፍግ ከመረችበት፤ በላዩ የጥድ ቅርንጫፉን ደራርባ አለበሰችው። የቀረው ሻማ ብቻ ነበር። ባሏን በቀበረች በወሩ አበባውንም ቀበረችው፤ እሱም በብርዱ ወራት እዚያው እርጥበት ውስጥ በሰበሰ።

አሁን ለፍልሰታ አራት ወር ቀርቷል። ሌኦካዲያ እጇን ጠራርጋ ቤቷ ሄደች፤ ወንበር ላይ ወጥታ አምና የተባረከውን እቅፍ ከኩሽና በር አወረደች። ደረቁን ናና ጋዜጣ ላይ አራገፈችው። የረገፈው አቧራ ነው። ያንኑ አቧራ በእርጎ ኩባያ አፈር ላይ ዘርታ መስኮት ላይ ደረደረችው፤ ጠዋትና ማታ በማንኪያ አጠጣችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ነገር ብቅ አላለም። በመጨረሻ ገበያ ወርዳ አበባ ሻጯን ጠየቀቻት።

«የኔ እመቤት፣ ያ ረጅሙኮ ዘር አይቋጥርም» አለች ሻጯ። «እንደ በቅሎ ነው። ከሥሩ ተከፍሎ ካልሆነ አይገኝም። እኔ ያለኝ አጭሩ ነው።»

«አጭሩን ምን ላድርገው?»

«ታዲያ ረጅሙ ካለው ጎረቤት ይጠይቁዋ።»

«ጎረቤት የለኝም» አለች ሌኦካዲያ።

ዋሸች። ጎረቤትማ አላት። ከሽቦው አጥር ማዶ፣ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጡረታ የወጣው የትራም ነጂ ኤድሙንድ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደምን አደሩ ተባብለው አያውቁም።

የኩርፊያው ምክንያት ራሱ ናናው ነው። በዚያ አገር ተክል የሰጠን ሰው ማመስገን ተክሉን መግደል ነው ተብሎ ይታመናል። ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩ አፉን ይዘጋል፣ ሁለቱም ስለ ዝናብ ያወራሉ። ከተሰጠው ይልቅ ደግሞ የተሰረቀው ይጸድቃል ይላሉ። ስለዚህ ጨዋ የሚባለው ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ሁለት ጊዜ ከሰው አጥር ላይ ቅርንጫፍ ቀንጥሶ ኪሱ ከቷል። ቴዎፊል ናናውን ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ አንዴ ለሌኦካዲያ እኅት፣ አንዴ ለካህኑ። እኅትየዋ አንገቱን አቅፋ አገላብጣ ሳመችው። ካህኑ ደግሞ ይባስ ብለው በሰንበት በምእመኑ ሁሉ ፊት አመሰገኑት። ሁለቱም ናና ወር አልሞላውም። ከዚያ ወዲህ ቴዎፊል ለማንም አልሰጥም አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ቴዎፊልና ሌኦካዲያ ወንድሙ ጋ ሊሄዱ ተነሱ። የኤድሙንድ ሚስት ሴቬሪና በዚያ ዓመት በሽታ ጥሏት ከወንበር አትነሳም ነበር። ኤድሙንድ አጥሩ አጠገብ ኪያር ይተክላል። ቴዎፊል በድንገት ቀና ብሎ ወደ ሰማይ እያየ፣ ለመንደሩ ሁሉ አዋጅ እንደሚያስነግር ሰው ጮኸ።

«እኛ እንግዲህ ሁለት ቀን አንመጣም! የበራችንም መቆለፊያ ተበላሽቷል! አካፋውም እዚያው እንደተሰካ ነው!»

ሌኦካዲያ ክንዱን ቆነጠጠችው። «ለሌባ ግብዣ ትጠራለህ እንዴ?»

«ወሬ ነው፣ ሎጃ» አለና ሳቀ።

ሲመለሱ ናናው በአንድ ጎኑ ተቆርሷል፤ እንደ ኬክ ጥርት ተደርጎ። ጉድጓዱ በአፈር ተሞልቶ፣ አፈሩም በእጅ ጠቅ ጠቅ ተደርጓል። የጭቃ ዱካው ቀጥ ብሎ ወደ ኤድሙንድ በር ይሄዳል። የሌኦካዲያ ደም ፈላ። አጥሩ ድረስ ሄዳ ሰውየውን ፊት ለፊት «ሌባ!» አለችው። ኤድሙንድ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ አንድም ቃል አልመለሰላትም።

«አንተ ደግሞ ሰላም ትለዋለህ?» ብላ ባሏን ጠየቀችው በማግሥቱ።

«እኔ ሲሰርቅ አላየሁም። አንቺ አይተሻል?»

«ዱካውን አየሁ!»

«ዱካ ምን ያወራል፤ ሻይ አፍይልን ይልቅ።»

ወንድነት የጎደለው መሰላት። ለብቻዋ አኮረፈች፤ ኩርፊያዋንም እንደ አደራ ዕቃ ጠበቀችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴቬሪና ስትሞት ቀብሩ ላይ ተገኘች እንጂ፣ ተራው ደርሶ ሰው ሁሉ የኤድሙንድን እጅ ሲጨብጥ እሷ ከሰልፉ ወጥታ በጎን በኩል ሄደች። ኤድሙንድ የተዘረጋ እጁን ቀስ ብሎ ሲያጥፍ በዓይኗ ጥግ አይታዋለች። ያን ዕለት ቴዎፊል በትራም እስከ ቤት ድረስ አላናገራትም።

ግንቦት ገባ። ኮሎኔል በየቀኑ ከአጥሩ ሥር ሾልኮ ይመጣና ጥቁሩ አፈር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባዶውን እያሸተተ ሲያለቃቅስ ይውላል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኤድሙንድ የውሃ ጎማውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆመ።

«ፓኒ ሌኦካዲያ» አለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፤ በአገሩ ቋንቋ ወይዘሮ ማለቱ ነው። «ኮሎኔል ለቅሶ ተቀምጧል።»

«ድመትዎን ይሰብስቡ!»

ዘጠኝ ዓመት ዝም ተባብለው የመጀመሪያው ንግግር ይሄ ሆነ። ኤድሙንድ ግን አልሄደም።

«ፍግ ነው የገደለው፣ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ሽታው። ኅዳር ላይ እኔ ቤት ድረስ መጥቶ ተናዘዘልኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በአካፋ ታባርረው ነበር። አሁን ግን አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው። «ለፍልሰታ ቃል ገብቼለት ነበር» አለች፤ ድምፅዋም ተሰበረ። እሱ ፊት ማልቀሷ አናደዳትና ጀርባዋን ሰጠችው።

 ጎማው ጫማው ላይ ውሃ ሲያፈስ እንኳ ለኤድሙንድ አልታወቀውም። ከዚያ በድንገት ቀና ብሎ ወደ ሰማይ እያየ ጮኸ።

«እኔ እንግዲህ ነገ ግዲንያ ከተማ እኅቴ ጋ እሄዳለሁ! ሁለት ቀን አልመጣም! የበሩም መቆለፊያ ተበላሽቷል! አካፋውም ከጎጆው ጀርባ እንደተሰካ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግዎት? ዘበኛ ልሁንልዎት?»

«ኧረ የለም። ወሬ ነው፣ ፓኒ ሌኦካዲያ።»

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሌኦካዲያ ጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጣ ዳቦዋን በኮምጣጣ ኪያር ትበላ ነበር። የሰውየው ጅልነት ከሐሳቧ አልወጣ ብሏል። በሩ አይቆለፍም ብሎ ለመንገዱ ሁሉ መጮህ ምን ይሉታል? አካፋውስ የት እንዳለ ማን ጠየቀው? ይህን ስታስብ ጉርሻው አፏ ውስጥ ቆመ። ሌላ ድምፅ ሰማች። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ጩኸት፣ ወደዚያው ሰማይ። *ወሬ ነው፣ ሎጃ።*

ዳቦውን ጥላ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። በኤድሙንድ በር ገባች። ጎጆውን ዞረች። ከጎጆው ጀርባ፣ ነፋስ በማይደርስበት ፀሐይ በሚያርፍበት ጥግ፣ ረጅሙ የድመት ናና አለ። ከጉልበት በላይ ወጥቷል፤ ዙሪያውን ልክ እንደ ቴዎፊል አጥር በቀጫጭን እንጨት ታጥሯል። አካፋው ጎኑ ተሰክቷል። ከናናው ፊት ለፊት፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጨርቁ በዝናብ የነጣ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ቆሟል። ትራሱ አሁንም የሰው ጎድጓዳ አለበት።

ወንበሩ የሴቬሪና ነው። ከወንበሯ መነሳት ያቃታት ሴት በመጨረሻዎቹ ሁለት በጋዎቿ እዚህ ተቀምጣ የምታየው ይህን ሰማያዊ ነበር። ቴዎፊል ይህን ያውቅ ነበር። ቢሰጥ ኤድሙንድ ሊያመሰግነው ነው፤ ቢያመሰግነው ናናው ሊሞት ነው፤ ሴቬሪና ደግሞ ሁለተኛ ለመሞከር ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ አሰረቀው። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ ከተናገረው ስጦታ ይሆናላ! ኤድሙንድም ቢሆን ሌባ ሲባል አፉን የዘጋው ለዚሁ ነው። አንዲት የታመመች ሴት ሰማያዊ እንድታይ ብሎ ስድቡን ዋጠው፤ ከሞተች በኋላም ሰባት ዓመት ዋጠው።

ሌኦካዲያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።  ለቴዎፊል አለቀሰች፣ ለሴቬሪና አለቀሰች፣ ከሁሉ በላይ ግን ያቺ በቀብሩ ላይ የታጠፈች የኤድሙንድ እጅ ነች ያስለቀሰቻት። ኮሎኔል መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ።

«አንተም ታውቅ ነበር?» አለችው።

ከዚያ ተነስታ ሰረቀች። በዕድሜዋ አንድ የፖም ፍሬ እንኳ ከአጥር ማዶ ወስዳ አታውቅምና ሥራው አልቻለችበትም። ባዶውን መንገድ ግራና ቀኝ አየች፤ ባቡር ሲያልፍ ጎንበስ ብላ ተደበቀች። አካፋውን ረግጣ ከናናው አንድ ጎን ቆረሰች፤ እንደ ኬክ። በሽርጧ አቀፈችው። ጉድጓዱን በአፈር ሞላች፤ በመዳፏም ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ከበሩ ስትደርስ ሆዷ አልቻለምና ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ የፕለም ማርማላታ አውጥታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ቆመች። ዋጋ የተከፈለበት ደግሞ ምኑን ስርቆት ይባላል? ተመልሳ ማርማላታዋን ይዛ ሄደች።

የበሰበሰውን አፈር ሁሉ ዝቃ ጣለች። በቦታው ከሐዲዱ ዳር ያመጣችውን አሸዋማ አፈር ሞላች። ናናውን ተከለችው፤ ግንዱንም ከግማሹ ቆረጠችው። ፍግ የሚባል አላሳየችውም። ኤድሙንድ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ እንጨት እያጠረችለት ነበር። አየ። አጥሩን ተደግፎ ሰማዩን ቃኘ።

«የሚዘንብ ይመስላል» አለ።

«ይመስላል» አለች።

ሰኔን ሙሉ ናናው አኮረፈ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ አንዱ ግንድ ደረቀ። ሌኦካዲያ እንቅልፍ አጣች። ፍግ ልታቀምሰው አንድ ሁለት ጊዜ ባልዲ አንስታ እንደገና አስቀመጠች። ሐምሌ ላይ ከሥሩ አዲስ ለጋ ቡቃያ ወጣ። ነሐሴ ሲገባ ከጉልበቷ አለፈ። የፍልሰታ ዋዜማ ማለዳ ስትደርስ አንድ ንብ ቀድሟት ነበር፤ አራት ግንድ ሰማያዊ አበባ ፈንድቷል።

ሁለት እቅፍ አሰረች። ስንዴና እንስላል፣ የፖፒ ፍሬና ጽጌረዳ፤ መሀላቸው ላይ ሁለት ሁለት ግንድ ናና። ሁለቱንም ካህኑ ጠበል ረጩባቸው። አንዱ ለኩሽናዋ በር ነው። ሁለተኛውን ይዛ ወደ መቃብሩ ስፍራ ሄደች፤ የቴዎፊልን አልፋ ሁለት ረድፍ ወረደች። ኤድሙንድ ባርኔጣውን ይዞ ሴቬሪና መቃብር ላይ ቆሟል። ሌኦካዲያ ጎንበስ ብላ እቅፉን ድንጋዩ ላይ አኖረች።

ኤድሙንድ ሰማያዊውን አየው፤ ብዙ አየው።

«ደስ የሚል ናና ነው፣ ፓኒ ሌኦካዲያ» አለ። «ከየት አገኙት?»

«ሰረቅኩት።»

«ታዲያ ይጸድቃል።»

ምስጋናው እስከ ምላሷ ጫፍ መጥቶ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመቱ ሁሉ፣ የቴዎፊልም ጭምር። ናናው ገና ሥሩን በቅጡ አልሰደደም። ብዙ ብርድ ይጠብቀዋል። ዋጠችው። ይልቅ ጓንቷን አወለቀችና ያን ቀን በቀብሩ የነፈገችውን እጇን ዘረጋች። ኤድሙንድ በሁለት እጁ ያዘው። ሰባት ዓመት ዘግይታለች፤ ሰውየው ግን እንደዘገየች አልቆጠረባትም። ሁለቱም እንዲያው ተያይዘው ቆሙ። ናናው እንዲኖር አንዳቸውም አላመሰገኑም።